ዕቃው ከመጽሐፉ ጋር ይምጣ

በመርካቶ ገበያ ሲዘዋወር የዋለ ሰው፥ በዓለም ፋብሪካዎች ከሚሠራው ዕቃ ሁሉ ያላየው ጥቂት ነው። ይህ ገበያ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የቀድሞው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ የተቈረቈረ ነው። ስሙ ከኢጣልያንኛ ይምጣ እንጂ፥ ያሰፋውና ያደረጀው የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችና የእጅ ሠራተኞች ትጋት ነው። ዛሬ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ሰፍኖ የሚታየው ይህ ገበያ በየተራው የተከፈለ ሲሆን፥ ሸማ ተራ፥ ሳጥን ተራ፥ ሚሊተሪ ተራ እየተባለ እያንዳንዱ በስሙ ይታወቃል። ምናለሽ ተራ የሚባለው ደግሞ ሌላው ሰው ጥሎት የሄደውን ብረትና ቆርቆሮ ፈታተው፥ ቀጥቅጠውና በይደው ለሌላ አገልግሎት የሚያበቁ ብልሆች የሚሠሩበት ስፍራ ነው።

በዚህ ገበያ ዛሬ በብዛት ከሚዘዋወሩት ዕቃዎች አንዱ፥ ጠጋኞች ቦርድ እያሉ የሚጠሩት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ ብቻውን ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የልብስ ማጠቢያውን፥ የሳተላይት ሪሲቨሩን፥ የፀሐይ ኀይል መቈጣጠሪያውን፥ የመብራት ቈጣሪውን፥ የሐኪም ቤቱን መመርመሪያና የባንኩን ገንዘብ ከፋይ ማሽን የሚያዝዘው እርሱ ነው። በላዩም ፕሮሰሰር፥ ሚሞሪና ልዩ ልዩ ክፍሎች ተሰድረውበታል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ኮምፒዩተር ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በሌላ ዕቃ ሆድ ውስጥ ተደብቆ መኖሩና ለአንድ ሥራ ብቻ መመደቡ ነው።

እንግዲህ ይህ ቦርድ ሲታመም ጠጋኙ ምን ያደርጋል? የኤሌክትሪክ መግቢያው ተቃጥሎ እንደ ሆነ በመለኪያው መርምሮ፥ የተቃጠለውን ነቅሎ፥ ደኅናውን ተክሎ ያድነዋል። በዚህ ሙያ የመርካቶ ጠጋኞች በማንም የሚናቁ አይደሉም። ጕዳቱ ግን በቺፑ ውስጥ በተጻፈው ፕሮግራም ላይ የደረሰ እንደ ሆነ፥ የእጁ ብልሃት ከዚያ አያልፍም። በቦርዱ ውስጥ የትኛው ክፍል በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ፥ የትኛው ትእዛዝ ምን እንደሚያስነሣ የሚነግረው መጽሐፍ ከዕቃው ጋር አልመጣምና። አንዳንድ ፋብሪካዎችም ሌላ ሰው እንዳይቀዳባቸው ሲሉ በቺፑ ጀርባ የተጻፈውን ስም ሳይቀር ይፍቁታል። ከዚህ የተነሣ ለዓመታት ሊያገለግል ይችል የነበረ ዕቃ ወደ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፤ በምትኩም ሌላ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የብር ዋጋ በእጅጉ ከቀነሰ ወዲህ፥ ይህ ኪሳራ ከቀድሞው ይልቅ የከበደ መሆኑ ግልጽ ነው።

ይህን ችግር በሙሉ ባያስወግደውም ከሥሩ የሚያላላው አንድ ጥበብ አለ። እርሱም የአንድን ኮምፒዩተር ጠባይ በሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ በጽሑፍ ብቻ ማኖር ነው። ፈረንጆች ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም ኢሙሌተር ይሉታል፤ በአማርኛም አምሳያ ቢባል ይስማማዋል። ከአምሳያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ኪውኢሙ የተባለው ሲሆን፥ ፋብሪስ ቤላርድ የተባለ ፈረንሳዊ የፕሮግራም ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ለሕዝብ ያወጣው ነው። ይህ ፕሮግራም በገንዘብ አይሸጥም። ኮዱ ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ ማንም ሰው ሊያነበው፥ ሊቀዳው፥ ሊያርመውና ሊጨምርበት ይችላል። የፈቃዱ ሕግ የሚያስገድደው፥ ያረመውን አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ኮዱን አብሮ እንዲሰጥ ነው። የስልክ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ሥራቸውን በኮምፒዩተር የሚፈትኑበት የአንድሮይድ አምሳያም በዚሁ በኪውኢሙ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ስሙን ያልሰሙት እንኳ በጥላው ሥር ይሠራሉ።

የዚህ አምሳያ አሠራር ለመጻሕፍት መምህራን እንግዳ አይሆንባቸውም። መምህሩ ንባቡን በግዕዝ አንብቦ ትርጓሜውን በአማርኛ እንደሚያሰማ፥ አምሳያውም ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈውን ትእዛዝ አንብቦ፥ ራሱ ያለበት ኮምፒዩተር ወደሚያውቀው ቋንቋ ይመልሰዋል። የሚተረጕመው ጥቂት ጥቂት ትእዛዝ እየከፈለ ነው፤ አንድ ጊዜ የተረጐመውንም በሚሞሪው ያኖረዋል እንጂ ያው ንባብ በተመለሰ ቍጥር እንደ ገና አይደክምበትም። ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለዚህ የትርጓሜ ስልት ያቀረበው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ትርጓሜው ብቻውን ግን አይበቃም። አንድን ቦርድ አንድ ትልቅ ገበያ ብናስመስለው ነገሩ ይቀላል። በዚያ ገበያ ያሉት ሱቆች ሁሉ የየራሳቸው ቍጥር አላቸው፤ አንዱ ፊደል አስተላላፊ፥ አንዱ ሰዓት ቈጣሪ፥ ሌላው የካርድ ሚሞሪ አንባቢ፥ ሌላው የኔትዎርክ መልእክተኛ ነው። ፕሮሰሰሩ ከእነዚህ አንዱንም በስሙ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በአድራሻው ቍጥር ብቻ ነው። በዚህ ቍጥር ይህን ጻፍ፥ ከዚያ ቍጥር ያን አንብብ ተብሎ ይታዘዛል፤ ይጽፋል፥ ያነባልም። ስለዚህ አንድን ቦርድ በአምሳያው ውስጥ መጨመር ማለት፥ በየቍጥሩ የሚመልሰውን ባለ ሱቅ በኮድ መትከል ነው። የተጠራው ቍጥር መላሽ ያጣ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ባዶ ቤት እንዳንኳኳ እንግዳ ቆሞ ይቀራል።

ለምሳሌ ከክፍሎቹ ሁሉ ቀላል የሚባለው ፊደል አስተላላፊው ነው። አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የነደፈው፥ ፒ.ኤል.011 የሚሉት አስተላላፊ አለ። በዚህ ክፍል መነሻ አድራሻ ላይ አንድ ፊደል ቢጻፍ፥ ፊደሉ በሽቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ከመነሻው 24 ባይት ዐልፎ ደግሞ ሁኔታውን የሚገልጽ ሌላ ስፍራ አለ። በዚያ ስፍራ፥ ከዜሮ ጀምሮ ሲቈጠር 5ኛው ቢት 1 ሆኖ ሲገኝ፥ ሞልቻለሁና ጥቂት ቆይ ማለት ነው። አምሳያውን የሚጽፈው ሰው ሁለት ነገር ይጽፋል፤ አንዱ ሲጻፍበት የሚደረገውን፥ ሁለተኛው ሲነበብ የሚመለሰውን። ታዲያ በስሕተት ያ ቢት ምንጊዜም 1 ሆኖ ቢቀር፥ ፕሮግራሙ አስተላላፊው እስኪጐድል ድረስ ሲጠብቅ ይኖራል፤ በመስኮቱም አንድ ፊደል አይወጣም። በማሕሌት ትምህርት አንዲት ምልክት ከቦታዋ ብትዛነፍ ዜማው እንደሚበላሽ፥ እዚህም የአንዲት ቢት ስሕተት ሥራውን ሁሉ ያቆመዋል። ከዚህም የተነሣ የፋብሪካው መጽሐፍ ሳይኖር ይህን ሥራ መሥራት ጨለማ ውስጥ መርፌ እንደ መፈለግ ይሆናል።

ሥራው የሚካሄድበት ሥርዓትም የታወቀ ነው። አስቀድሞ የቦርዱ መጽሐፍ ይነበባል፤ ሚሞሪው ከየት ቍጥር እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚሰፋ፥ እያንዳንዱ ክፍል በየት እንዳለ ተለይቶ ይመዘገባል። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩና ሚሞሪው ይተከላሉ። ከዚያ ፊደል አስተላላፊው ይጨመራል፤ ፕሮግራሙ ስለ ራሱ የሚናገርበት አፉ እርሱ ነውና። ሦስተኛ ሰዓት ቈጣሪውና፥ አንድ ክፍል ፕሮሰሰሩን በአስቸኳይ ሲጠራ ጥሪውን ተቀብሎ የሚያደርሰው ክፍል ይገባሉ። ገና ያልተሠሩት ክፍሎች በአድራሻቸው ላይ የስም ምልክት ብቻ ይደረግባቸዋል። ፕሮግራሙ እነርሱን በጠራ ጊዜ አምሳያው ያልተሠራ ክፍል ተጠራ ብሎ ይመዘግባል። በዚህም መዝገብ ጸሐፊው ቀጥሎ የትኛውን መሥራት እንዳለበት ያውቃል። እንዲህ እያለ ጥቂት በጥቂት ሲጨመር፥ በመጨረሻ በእውነተኛው ቦርድ ላይ የሚነሣው ፕሮግራም ቦርዱ በሌለበት ይነሣል።

ይህ አሳብ ብቻ ሆኖ የቀረ ነገር አይደለም። ኦሬንጅ ፓይ ፒሲ የተባለው ርካሽ የቻይና ቦርድ፥ በላዩ አራት ፕሮሰሰሮችን የያዘ ኤች.3 የሚባል ቺፕ ያለበት፥ እ.ኤ.አ. በ2020 በኪውኢሙ 5.0 እትም ውስጥ ገብቷል። አስተላላፊው፥ ሰዓት ቈጣሪው፥ የካርድ ሚሞሪው፥ የኔትዎርኩና የዩ.ኤስ.ቢ. ክፍሎቹ ተሠርተውለታል። ይህ ቺፕ ሲነቃ የመጀመሪያውን ፕሮግራም በካርዱ ላይ ከ8ኛው ኪሎባይት ጀምሮ እንደሚያነብ፥ አምሳያውም እንዲሁ ያነባል። በመሆኑም ለእውነተኛው ቦርድ የተዘጋጀው የሊኑክስ ካርድ ቅጂ ሳይለወጥ በአምሳያው ሊነሣ ይችላል። የሥዕልና የድምፅ መውጫው ግን አልተሠራም፤ ይህንም ጕድለት የአምሳያው መጽሐፍ ሳይደብቅ ጽፎታል። በየትምህርት ቤቱ የሚታወቀው አርዱይኖ ኡኖ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ፕሮግራሙ የሚኖርበት ስፍራ 32 ኪሎባይት፥ የሥራ ሚሞሪውም 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በኪውኢሙ ውስጥ ይገኛል።

መጽሐፍ ሲጐድል የሚሆነውን ደግሞ ራዝበሪ ፓይ የተባለው የእንግሊዝ ቦርድ ያሳያል። በዚህ ቦርድ ላይ አስቀድሞ የሚነቃው ዋናው ፕሮሰሰር አይደለም፤ የሥዕሉ ፕሮሰሰር ነው፤ የእርሱም የመነሻ ፕሮግራም ኮዱ ዝግ ነው። ስለዚህ የአምሳያው ጸሐፊዎች ያን መነሻ ዘልለው ሊኑክስን በቀጥታ ማስነሣት ግድ ሆኖባቸዋል። አራተኛው የራዝበሪ ፓይ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ ወጥቶ፥ በኪውኢሙ ውስጥ የገባው በ2024 በ9.0 እትም ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቦርድ አምስት ዓመት ያህል ከጠበቀ፥ ስሙ ተፍቆ መርካቶ የሚደርሰው ቦርድ ምን ያህል ሊጠብቅ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

አዲስ የተጻፈ የቦርድ አምሳያ ወደ ዋናው ኮድ የሚገባበት መንገድም ሊታወቅ ይገባል። ጸሐፊው ሥራውን በትንንሽ ክፍል ከፍሎ ለኮዱ ጠባቂዎች ያቀርባል፤ በእያንዳንዱም ክፍል ግርጌ ሥራው የራሱ መሆኑን ወይም ለመስጠት መብት ያለው መሆኑን በስሙ ይፈርማል። ጠባቂዎቹ መስመር በመስመር ይመረምሩታል፤ ስሕተት ቢያገኙ ይመልሱታል፤ እርሱም አርሞ ደግሞ ያቀርባል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይደጋገማል። የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ፊት ቅኔውን ነግሮ፥ ተነቅፎ፥ አቅንቶ እንደሚመለስ ያለ ነው። በዚህ ሸንጎ የሚጠየቀው የአገሩ ስም ወይም የያዘው ዲፕሎማ አይደለም፤ ሥራው ቀና መሆኑ ነው። ከአዲስ ከተማ የተላከው ከሎንዶን ከተላከው ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

እንዲህም ሲባል አምሳያው እውነተኛውን ቦርድ ይተካል ማለት አይደለም። ኪውኢሙ ትእዛዙ የሚሰጠውን ውጤት እንጂ፥ ትእዛዙ የሚፈጀውን ጊዜ በልኩ አያስመስልም። ሙቀት፥ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ፥ የላላ ብየዳ በአምሳያው አይታዩም። ስለዚህ በአምሳያው የዳነ ፕሮግራም በቦርዱ ላይ ደግሞ መፈተን አለበት። የካርታ ጥቅም መንገደኛው ሳይሳሳት እንዲሄድ ነው እንጂ፥ በእግሩ ፋንታ እንዲሄድለት አይደለም።

ታዲያ ይህ ለኢትዮጵያ ምን ይጠቅማታል ቢባል፥ ጥቅሙ በሦስት ወገን ይታያል። የመጀመሪያው የትምህርት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሮ ብዙ ወጣቶች የፕሮግራም ትምህርት ለመቅመስ ዕድል አግኝተዋል። ከእነዚህ መካከል የቦርድ ሥራ ለመማር የሚሻው ሁሉ ቦርድ ይገዛ ዘንድ ግን አቅሙ አይፈቅድለትም። አንድ ኮምፒዩተር ካለ ግን ኪውኢሙ በነፃ ይገኛል፤ ሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ቦርድ እንዳለው ሆኖ ይማርበታል። ተማሪው ቢሳሳት የሚቃጠል ነገር የለም፤ ሥራውንም በመካከል አቁሞ በእያንዳንዱ የሚሞሪ ስፍራ ያለውን ሊመረምር ይችላል። ይህም በእውነተኛው ቦርድ ላይ ያለ ልዩ መሣሪያ አይገኝም።

ሁለተኛው የጥገና ነው። ለምሳሌ አንድ ጤና ጣቢያ ያለው መመርመሪያ ቦርድ ፕሮግራሙ ተበላሸ እንበል። ቦርዱ አምሳያ ካለው፥ ጠጋኙ የፕሮግራሙን ቅጂ በአምሳያው አስነሥቶ የት ላይ እንደሚቆም ያያል፤ እርማቱንም በዚያ ሞክሮ ከዳነ በኋላ ወደ ቦርዱ ይመልሰዋል። አለዚያ ግን ያለውን አንድ ቦርድ መሞከሪያ ማድረጉ ነው፤ ሙከራውም ቢከሽፍ ያ አንዱ ይጠፋል፥ በሽተኛውም ያለ መመርመሪያ ይቀራል።

ሦስተኛው የመጠበቅ ነው። ዕቃ ያልፋል፤ ፋብሪካውም ያንን ዓይነት መሥራት ይተዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት፥ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት እንዴት አመድ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ዕቃ አንድ ቦታ ብቻ ይኖራል፤ በጽሑፍ የተቀመጠ ዕውቀት ግን በብዙ ስፍራ ተቀድቶ ይኖራል። ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት የብራና መጻሕፍት ጠባቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የየገዳማቱና የየአድባራቱ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሡ፥ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ የተደረገው ስለዚሁ ነው። መጽሐፉ ራሱ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ እንዳይጠፋ ታስቦ ነው። አምሳያም ለቦርድ እንዲሁ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ ሄዳ ከዚህ ቀደም የተጠቀመችበት ሥራ አለ። ኮምፒዩተር ወደ አገር ሲገባ የግዕዝ ፊደል በውስጡ አልነበረም። ብልሆች በየበኩላቸው ልዩ ልዩ መጻፊያ አዘጋጁ፤ ነገር ግን አንዱ የጻፈውን የሌላው ኮምፒዩተር ማንበብ ስላልቻለ ጭንቅ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ በ3.0 እትም ገባ፤ ለሀ ፊደል 4608 ቍጥር ተሰጥቶት ሌሎቹም ተከትለው ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም የስልክና የኮምፒዩተር ፋብሪካ በዚያው መዝገብ መሠረት ስለሚሠራ፥ አማርኛና ትግርኛ በዓለም ሁሉ መሣሪያ ይነበባሉ። ፊደሉ በተከፈተው መዝገብ ውስጥ ቍጥር አግኝቶ በመገኘቱ፥ እያንዳንዱን ፋብሪካ ለየብቻው መለመን ቀርቷል። በተከፈተው የቦርድ መዝገብም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ግን ያለ መጽሐፍ አይሆንም፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጠጋኙና ተማሪው የፋብሪካውን መጽሐፍ ለማስወጣት ኀይል የላቸውም። ኀይል ያለው ብዙ የሚገዛው ነው፤ በኢትዮጵያም ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበለጠ ገዢ አይገኝም። ቈጣሪ፥ መመርመሪያ፥ ካርድ አንባቢ፥ የትምህርት ቤት መሣሪያ በሺህ የሚቈጠር ሲታዘዝ፥ በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ሻጩ ገበያውን ላለማጣት ይቀበለዋል። አንቀጹም ረጅም መሆን አያሻውም፤ የቺፑ ስም፥ የክፍሎቹ አድራሻ ዝርዝር፥ የቦርዱ መጽሐፍና የመነሻ ፕሮግራሙ ቅጂ ከዕቃው ጋር ይምጡ ማለት ብቻ ነው። ይልቁንም በቦርዱ ውስጥ ሊኑክስ ያለበት እንደ ሆነ፥ የሊኑክሱን ኮድ የመቀበል መብት ለገዢው በፈቃዱ ሕግ አስቀድሞ የተሰጠ ነው። ይህ ልመና አይደለም፤ ገዢው ሳይጠይቀው የቀረ ገንዘቡ ነው።

መንግሥትም ለተከፈተ ኮድ እንግዳ አይደለም። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ፥ በህንድ አገር በባንጋሎር የተጀመረውንና ኮዱ ለሁሉ የተከፈተውን ሞሲፕ የተባለ ሥርዓት መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ሕዝብን የሚመዘግበው ሥርዓት በተከፈተ ኮድ የሚሠራ ከሆነ፥ ውሃና መብራትን የሚቈጥረው ቦርድ መጽሐፉ ተዘግቶ የሚመጣበት ምክንያት አይታይም።

አንዳንድ ሰዎች የቦርዱ ምሥጢር ከተገለጠ ለሌባ መንገድ ይከፍታል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከቀና ልብ የመጣ ነውና ሊናቅ አይገባም፤ ይሁን እንጂ መልስ አለው። ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ምሥጢር ጽሕፈት ሲጽፍ፥ የአንድ ሥርዓት ጥበቃ በቍልፉ መሠወር እንጂ በአሠራሩ መሠወር ላይ ሊቆም እንደማይገባ አስረድቷል። የመዝጊያ አሠራር በገበያ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ቤቱን የሚጠብቀው ግን በባለቤቱ ኪስ ያለው ቍልፍ ነው። የቦርዱ አሠራር ይገለጥ ሲባል የምሥጢር ቍልፉ ይሰጥ ማለት እንዳልሆነ መለየት ይገባል። ደግሞም አሠራሩን ሻጩ ብቻ የሚያውቀው ዕቃ፥ ገዢው ደኅንነቱን ሊመረምር የማይችለው ዕቃ ነው።

ሌሎችም መጽሐፉ ቢመጣ ማን ያነበዋል ይላሉ። ለዚህ ነቀፋ መልሱ በገበያው ራሱ ይገኛል። የማንንም እርዳታ ሳይጠብቅ የተጣለ ቦርድ ፈታትቶ ደኅናውን ክፍል ከታመመው የሚለይ ወጣት በመርካቶ አለ፤ የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ትምህርት የጨረሰ ወጣትም በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው ይወጣል። የመጀመሪያው እጅ አለው፥ መጽሐፍ የለውም፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ማንበብ ያውቃል፥ በእጁ የነካው ቦርድ ግን ጥቂት ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ማገናኘት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመመረቂያ ሥራ የሚሹ ተማሪዎች ከመርካቶ አንድ ቦርድ መርጠው፥ ከጠጋኙ ጋር ሆነው ክፍሎቹን ቢለዩና አምሳያውን ቢጽፉ፥ ሥራቸው በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ በዓለም የተከፈተ መዝገብ ውስጥ ይገባል። የጠጋኙም ስም ከተማሪው ስም ጋር ሊጻፍ ይገባዋል፤ ዕውቀቱ ግማሹ የእርሱ ነውና።

የግዢ ውል የሚያዘጋጁ ሹማምንት፥ በሚቀጥለው ጨረታ ሰነዳቸው ላይ ያንን አንድ አንቀጽ ቢያስገቡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ዋጋው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ግን ኪሳራው በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። መጽሐፍን መጠበቅና ለተከታይ ማስተላለፍ ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም፥ ይህ አዲሱ ጽሕፈት ከቀድሞው ሙያ የራቀ አለመሆኑን ለደቀ መዛሙርታቸው ቢያስረዱ ትልቅ እርዳታ ይሆናል። ያን ጊዜ በመርካቶ ጠጋኝ ፊት የሚቀመጠው ቦርድ፥ ስሙ የተፋቀ ዲዳ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ፥ ሲጠየቅ የሚመልስ ይሆናል። ፋብሪካ ገና ያልተከለች አገር ቦርዱን ለጊዜው ከሰው ትግዛ፤ የቦርዱን ዕውቀት ግን የራሷ ታድርግ።